ስለ ድህነታችን የምንሰጠው ምስክርነት

ባለፈው ኅዳር አንድ ጁሙዓ ከሶላት በኋላ፣ መርካቶ ሱቅ ያለው አንድ ወዳጄ ክንዴን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ። ሴት ልጁ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ጎበዝ ናት፤ ለአሜሪካ ኮሌጆች እያመለከተች ነው። የጨነቀው ግን የልጅቱ ትምህርት አልነበረም።

«እሷ የራሷን ጨርሳለች፤ የቀረው የእኔ ነው። ለእርዳታው ገቢህ ስንት ነው ብለው ጠይቀዋል። ስንት ልበል?» አለኝ።

«ያለህን ነዋ!»

ሳቀብኝ። የንግድ ፈቃዱ በወንድሙ ስም ነው። ቅጽ እየሞላ የሚተዳደር አንድ ሰው «ተቀጣሪ ነኝ በል፤ የደመወዙን ደብዳቤ ወንድምህ ይጻፍልህ፤ ቁጥሩን ዝቅ አድርጉት» ብሎታል። «ለመሆኑ ማንን እጎዳለሁ?» አለ ወዳጄ። «ገንዘቡ የየቲም አይደለ፣ የጎረቤት አይደለ። የሀብታሞች ሀብታም ነው የሚሰጠው። ልጄ ደግሞ ዕውቀት ፍለጋ ነው የምትሄደው።»

ውድ አንባብያን፣ እኔ ሙፍቲ አይደለሁም፤ ፈትዋ የዑለማእ ድርሻ ነው። ነገር ግን ይህን ጥያቄ በየቤቱ የሚጠይቅ ብዙ አባት እንዳለ ስለማውቅ አብረን ብናስብበት ጥሩ ነው። «ማንን እጎዳለሁ?» የሚለው በተለይ ሊታለፍ አይገባም፤ ምክንያቱም መልስ አለው።

በመጀመሪያ አሠራሩን እንይ። በታወቁት የአሜሪካ የግል ኮሌጆች የአንድ ዓመት ትምህርት ከመኖሪያና ከምግብ ጋር ዛሬ ከ80 ሺህ ዶላር በላይ ያስወጣል። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ለኮሌጅ ተማሪዎች የሚሰጠው እርዳታ በተማሪ ቪዛ ለሚመጣ የውጭ አገር ልጅ አይደርስም። ስለዚህ ከእኛ ዘንድ የሚሄድ ልጅ በአብዛኛው ተስፋ የሚያደርገው የኮሌጁን የራሱን ገንዘብ ነው። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤም.አይ.ቲ.፣ አምኸርስት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የተቀላቀላቸው ዳርትመዝና ጥቂት ሌሎች የውጭ አመልካችን ሲመርጡ የመክፈል አቅሙን አያዩም፤ ከተቀበሉት በኋላ ቤተሰቡ የማይችለውን ራሳቸው ይሞላሉ። (ፕሪንስተን እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2001 ብድሩን አስቀርቶ ሁሉንም ስጦታ አድርጎታል፤ ወለድ ለምንሸሽ ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።) የቀሩት ኮሌጆች አብዛኞቹ ግን እንዲህ አይደሉም። ለውጭ ተማሪዎች የሚመድቡት ገንዘብ ልክ አለው፤ ሲመርጡም «ይህ ልጅ ስንት ያስወጣናል?» ብለው ያሰላሉ።

እንግዲህ ልኩ የተወሰነ ገንዘብ ማለት ምን ማለት ነው? አንዱ ያለ አግባብ የወሰደው ከሌላው ጎደለ ማለት ነው። ወዳጄ የሚያየው ትልቁን ባለጸጋ ኮሌጅ ነው፤ ሃርቫርድ ብቻውን ከ50 ቢሊዮን ዶላር በላይ ቋሚ ሀብት ስላለው እውነትም ከወዳጄ ውሸት የተነሳ ኮሌጁ አይደኸይም። የሚጎዳው ግን ኮሌጁ አይደለም። አባቷ በእርግጥ ተቀጣሪ የሆነ፣ የደመወዙ ደብዳቤ በእርግጥ የእውነት የሆነ፣ ከኮምቦልቻ ወይም ከዳካ ያመለከተች ሌላ ልጅ ናት። ሁለቱ ደብዳቤዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ አንድ ይመስላሉ። ያቺ ልጅ ለምን እንደቀረች መቼም አታውቅም። እኛም ስሟን አናውቅምና አፉ በሉኝ ልንላት አንችልም።

የሚገርመው ደግሞ፣ አቅም እያዩ በሚመርጡት ኮሌጆች ዘንድ ገቢውን አሳንሶ የጻፈ አባት ልጁን የበለጠ ውድ አመልካች ያደርጋታል። ሊያስገባት ብሎ በሩን የሚዘጋባት ራሱ ሊሆን ይችላል። ግን ይህን የምለው የሒሳብ ነገር ስለሆነ ነው፤ ባይዘጋባትስ ኖሮ ልክ ይሆን ነበር ማለቴ አይደለም።

እኛ ሙስሊሞች የዚህ ዓይነቱን ገንዘብ ጠባይ ከማንም በላይ ልናውቀው ይገባ ነበር። ከእኛ አገር ወደ አል-አዝሀር ይሄዱ የነበሩ ደረሶች የሚጠለሉበት የጀበርቲዎች ሪዋቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1825 ያረፈው የታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ አባቶቹ የዚያ ሪዋቅ ሸይኾች ነበሩ። እንዲህ ያለው ቤት የሚኖረው በወቅፍ ነው። የወቅፍ ደንቡ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ወቅፍ አድራጊው ለማን እንዳለው ለዚያ ይሆናል፣ ሌላው አይነካውም። የአሜሪካ ኮሌጅ ቋሚ ሀብት በሕጉ ወቅፍ አይባል ይሆናል፤ ነገር ግን ለጋሹ «መክፈል ለማይችል ተማሪ» ብሎ ያስቀመጠውን፣ መክፈል የሚችል ሰው የማይችል መስሎ ሲወስደው ነገሩ ምን ይለያል? ለጋሹ ሙስሊም አለመሆኑ አማናውን ያቀልለዋል የሚል ካለ መረጃውን ያምጣ። በሱረቱ አን-ኒሳእ 135ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) በራሳችንም፣ በወላጆቻችንም፣ በዘመዶቻችንም ላይ ቢሆን በእውነት እንድንመሰክር ሲያዝ፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ሀብታም ወይም ድሃ መሆኑ ምስክርነቱን እንዳያዛባው ጨምሮ አስጠንቅቋል። ቅጹ ምስክርነት ነው። ከታች ያለው ፊርማም የአባትየው ነው።

ውሸቱ ደግሞ አንዴ ከተጀመረ የሚቆምበትን አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2024 በፔንሲልቬኒያ የሚገኘው ሊሃይ ዩኒቨርሲቲ ከሕንድ የመጣ አንድ የ19 ዓመት ተማሪ፣ ሙሉ እርዳታ ለማግኘት የሐሰት ሰነዶች አቅርቦ መገኘቱ ታወቀ። ከሰነዶቹ አንዱ የአባቱ የሞት ምስክር ወረቀት ነበር። አባትየው ግን በሕይወት አለ! ልጁ ጥፋቱን አምኖ ወደ አገሩ ተመለሰ። እኔን ያስደነገጠኝ ቅጣቱ አይደለም። አባቱን በወረቀት ገድሎ ከዚያ ስልክ እየደወለ «እንዴት አደርክ አባቴ» የሚል ልጅ በልቡ ምን ይሰማው ይሆን? የደመወዙን ደብዳቤ በአባቱ እጅ ሲጻፍ ያየች ልጅስ ምን ተማረች? ከዚያ በኋላ ሐላልና ሐራም ብለን ብንመክራት በምን ፊት?

ይህን ሁሉ ስል ጉዳዩ ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። ቅጹ ለእኛ አልተሠራም። ብዙዎቹ ኮሌጆች የሚጠቀሙበት ሲ.ኤስ.ኤስ. ፕሮፋይል የተባለው የኮሌጅ ቦርድ ቅጽ የአሜሪካ ቤተሰብን አስቦ የተዘጋጀ ነው፤ ሚስት፣ ባል፣ ሁለት ልጅ፣ ደመወዝ፣ ባንክ። የእኛ ሰው ገንዘቡ ዕቁብ ውስጥ ነው። ከገቢው ላይ ለገጠር እናቱ ይልካል፣ የሟች ወንድሙን ልጆች ያስተምራል፣ ለጎረቤት ሐዘን ያዋጣል። ይህ ሁሉ በየትኛው ሣጥን ይጻፍ? የብሩ ነገርስ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመራ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያው ሱቅ፣ ያው ሰው፣ ያው ድካም፤ በዶላር ሲሰላ ግን ገቢው ግማሽ ሆነ። ሳይዋሹ መደኽየት ይሏል ይህ ነው። ታዲያ ቅጹ ልዩ ሁኔታ የሚገለጽበት ቦታ አለው፤ የሚረዷቸውን ዘመዶችም፣ የብሩንም ነገር፣ የፈቃዱንም ስም እዚያ መጻፍ ይቻላል። ብዙ ሰው ውሸቱን የሚመርጠው እውነቱ ስለማያዋጣ ሳይሆን ማስረዳቱ ስለሚያደክመው ይመስለኛል።

ሌላው ወገን ደግሞ አለ። ፈጽሞ የማይዋሽ፣ ግን ችግሩን ለመናገር የሚያፍር። ልጆቻችን ለድርሰቱ «ሐዘንህን ጻፍ፤ ያላለቀሰ አይሰጠውም» እየተባሉ ይመከራሉ። በሱረቱ አል-በቀራህ 273ኛው አንቀጽ ከመለመን ስለሚቆጠቡ የማያውቃቸው ሰው ሀብታም የሚላቸው ድሆች ተወስተዋል። እንዲህ ባለ ቤት ያደገች ልጅ የእናቷን እንጀራ ጋጋሪነት ለማታውቀው ሰው ትጻፍ ወይስ ትተው? እኔ ትጻፍ ባይ ነኝ፤ እናቷ ከፈቀደች። ሙስሊም በዘገቡት የቀቢሳ ሐዲስ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መጠየቅ የተፈቀደላቸውን ሦስት ሰዎች ሲዘረዝሩ አንዱ ችግር የደረሰበት ሰው ነው፤ ከወገኖቹ አስተዋይ የሆኑ ሦስት ሰዎች ችግሩን ሊመሰክሩለት ይገባል። መጠየቅ ነውር አልተባለም፤ ምስክር ግን ተፈለገበት። ምስክሮቹም የሚያውቁት ሰዎች እንጂ ቅጽ ሞዪ አይደሉም።

ወዳጄን በሳምንቱ አገኘሁት። ሱቁን «በወንድሜ ስም፣ በእኔ ሥራ» ብሎ ጽፎታል። የሚልከውንም የሚያስተምራቸውንም ዘርዝሯል። ልጅቱ ከመረጠቻቸው ኮሌጆች ሁለቱን ሰርዛ አቅም በማያዩት ተክታለች። የእናትየዋን የሠርግ ወርቅ ግን የት እንደሚያስገቡት ሦስታችንም ብንመክር አልታወቀንም። እናትየዋ «የእኔ መህር ነው፣ ምን አገባቸው?» ብላለች። ልጅቱ ለኮሌጁ የእርዳታ ክፍል ጽፋ ጠይቃለች፤ መልሱን እየጠበቁ ነው።