ከማን ጋር ታየ?

ሰው የሚፈረድበት በሠራው ሥራ ነው ወይስ አብሮት በታየው ሰው ሥራ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ ጌታችን በሌዊ ቤት ለማዕድ በተቀመጠ ጊዜ ፈሪሳውያን የነቀፉት ሌላ ሳይሆን አብረውት የተቀመጡትን ሰዎች አይተው ነበር።

በዘመናችን ይህ ክስ የሚበረታው በምርጫ ወራት ነው። በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት በሜሪላንድ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1950 ዓ.ም. የሆነውን እንመልከት። ሴናተር ጆሴፍ ማካርቲ ኮሙኒስቶች በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ውስጥ አሉ ሲሉ ያሰሙትን ክስ የመረመረው ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሴናተር ሚላርድ ታይዲንግስ ነበሩ፤ የኮሚቴውም አብላጫ ክፍል ክሱ ማታለያ ነው ሲል አስታወቀ። በዚያው ዓመት ታይዲንግስ ለምርጫ በቀረቡ ጊዜ ተቃዋሚዎቻቸው አንድ ጋዜጣ አሳትመው ለሕዝብ አደሉ። በዚያ ላይ ታይዲንግስ የቀድሞውን የኮሙኒስት ፓርቲ መሪ ኧርል ብራውደርን በጽሞና ሲያዳምጡ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ነበረ። ነገሩ ግን በልዩ ልዩ ጊዜ የተነሡ ሁለት ፎቶግራፎች ተጋጥመው የተሠራ ነው። ከሥሩም የተጋጠመ መሆኑ ተጽፎ ነበር፤ አሳታሚዎቹ ጽሕፈቱን ለሕግ፣ ሥዕሉን ለዓይን ሰጡ ማለት ነው። ታይዲንግስ ተሸነፉ። በዚያ ሥዕል ብቻ ተሸነፉ ማለት አይቻልም፤ ከ20 ዓመት በላይ በወንበር የቆየ ሰው ሌላም ቅሬታ አያጣውም።

እኛን ይልቁን የሚያሳስበን የመራጩ ልብ ነው። «ሐሰት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ያለ ነገር አይሉትም» ይላል። የሙሴ ሕግ በአንድ ምስክር ብቻ እንዳይፈረድ ይከለክላል፤ ያ ሥዕል ግን አንድ ምስክር እንኳ አልነበረም። ድምፅ የሚሰጥ ሰው በዚያች ሰዓት ዳኛ ነው፤ ፍርዱም በምስጢር ስለ ሆነ ከሰው ተግሣጽ ይሰወራል እንጂ ከእግዚአብሔር አይሰወርም።

ስለ ባልንጀራ መጠየቅ ሁሉ ሐሜት ነው አንልም። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም ከክፉ ባልንጀርነት እንድንጠበቅ አስተምሯል። መለያው፣ አብረው ምን ሠሩ የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. ባራክ ኦባማ ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ ስለ ቄስ ጀረማያ ራይት መጠየቃቸው የሚገባ ነበር፤ ለብዙ ዓመታት ስብከታቸውን ሲሰሙ ኖረዋልና፤ ራሳቸውም መልስ ሰጥተውበታል። ቢል ኤርስ ግን እ.ኤ.አ. በ1969 ዓ.ም. የተመሠረተ፣ ቦምብ ያፈነዳ ቡድን ከመሠረቱት አንዱ ናቸው፤ ያን ጊዜ ኦባማ የ8 ዓመት ልጅ ነበሩ። ከብዙ ዘመን በኋላ በቺካጎ ስለ ተዋወቁና በአንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ቦርድ አብረው ስለ ተቀመጡ፣ ኦባማ የሽብርተኞች ወዳጅ ተባሉ። ሕዝቡ ግን ክሱን አልፎ መረጣቸው። ፍርድ አውቆ ነው ወይስ በዚያው መስከረም የታላላቅ ባንኮች መናወጥ አስጨንቆት? ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም።

ንስሐ የሚገባ ሰው የሰረቀውን ገንዘብ እንዲመልስ ካህኑ ያዘዋል። በምርጫ የተሰረቀ ስም ግን በምን ይመለሳል? የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1951 ዓ.ም. የሜሪላንዱን ዘመቻ በብርቱ ነቀፈ። አሸናፊው ጆን ማርሻል ባትለር ግን እ.ኤ.አ. እስከ 1963 ዓ.ም. በወንበሩ ላይ ቆዩ።