ሳንጠይቃት የቀረችው እኅታችን

ከመዘምራኑ መካከል አንዲት እኅታችን ፀንሳ፣ አፍራ ከጉባኤያችን ቀረች። እኛም ስናማት ከረምን እንጂ ቤቷ ሄደን አልጠየቅናትም።

ቤተ ክርስቲያን ንጽሕናን ታስተምረናለች፤ ይህን የሚሽር ቃል የለኝም። ነገር ግን እዚሁ ቦሌ ሚካኤል፣ ፖስት ፒል የሚሉትን እንክብል በሹክሹክታ ገዝቶ እንደ ዘወትር መከላከያ የሚቆጥር ወጣት ከመካከላችን አለ። እንክብሉ የድንገተኛ ጊዜ ነው፤ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ቶሎ ሲወሰድ ይበልጥ ይሠራል፤ ኤች አይ ቪን ግን ከቶ አይከላከልም። ሁለቱንም የሚከላከለው ኮንዶም ነው። መርፌው ለ3 ወር፣ በክንድ የሚቀበረው ለዓመታት ያገለግላል። ይህን ጤና ጣቢያ ጠይቆ መረዳት ኃጢአት አይመስለኝም፤ ሐሜቱ ግን ኃጢአት ነበር።

እኅታችን ወልዳለች። ወንድ ልጅ ነው፤ 40 ቀኑ ደርሷል። ክርስትና ሲነሣ ማን ይዘምርለታል?