ሁለተኛዋ መስመርና የወላጅ አማና

የሰው ታማኝነት የሚፈተነው የት ነው? በአደባባይ ነውን? በአደባባይማ ተመልካች አለ፣ ሐሜት አለ፣ ዳኛም አለ። ከባዱ ፈተና የሚመጣው በር ተዘግቶ፣ እውነቱን ከአላህ በቀር እኛው ብቻ ስናውቀው ነው። ይህንን ለመረዳት በዘመናችን ወደየቤቱ የገባችውን የኮሮና መመርመሪያ እንመልከት።

የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 ለጠየቀ ቤተሰብ ሁሉ አራት አራት መመርመሪያ በፖስታ በነጻ መላክ ጀመረ። በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ተቀብለዋል። የሐኪም ቤት ሥራ ወደ ወላጅ እጅ ገባ። ሥራው ሲገባም ኃላፊነቱ አብሮ ገባ፤ መርማሪውም፣ ምስክሩም፣ ፈራጁም ወላጁ ራሱ ሆነ። እንግዲህ በዚህች ትንሽ ሣጥን ውስጥ ሦስት አማናዎች አሉ።

የመጀመሪያው የልጁ ገላ ነው። ከመመርመሪያው ጋር የሚመጣው የፈሳሽ ብልቃጥ የዓይን ጠብታ ይመስላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በማርች 2022 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ፈሳሹን የዓይን መድኃኒት መስሏቸው ዓይናቸው ውስጥ የጨመሩ ሰዎችና ፈሳሹን የዋጡ ሕጻናት መጎዳታቸውን ገልጿል። በአንዳንዶቹ ውስጥ ሶዲየም አዛይድ የተባለ መርዛማ ኬሚካል በጥቂቱ ይገኛል። ስለዚህ ሣጥኑን ሕጻን ከማይደርስበት ቦታ አስቀምጡ፤ የምርመራው ሰዓት ሳይደርስ አትክፈቱት፤ ከፍታችሁም ጠረጴዛ ላይ ትታችሁ አትሂዱ። ሲያበቃ ሁሉንም ሰብስባችሁ ጣሉ። ፈሳሹ ዓይን ወይም ቆዳ ከነካ በብዙ ውኃ እጠቡ። ልጅ ከዋጠው፣ በአሜሪካ የምትኖሩ በ1-800-222-1222 ደውላችሁ የመርዝ ሐኪሞችን ጠይቁ። አብዛኞቹ መመርመሪያዎች ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕጻን የተፈቀዱ እንዳልሆኑም አትርሱ።

ሁለተኛው የልጁ አመኔታ ነው። «ምንም አላደርግህም» ብሎ አታሎ፣ ከዚያም እጁን ይዞ ጥጡን አፍንጫው ውስጥ መክተት ምን ያስተምረዋል? የወላጁ ቃል እንደማይታመን አይደለምን? «ትንሽ ይኮረኩርሃል፣ ቶሎ ያልቃል» ማለት እውነት ነው፤ እውነቱም ልጁን ያረጋጋዋል። ገላው ትንሽ ስለሆነ ክብሩ ትንሽ አይደለም።

ሦስተኛው የሌላ ሰው ሕይወት ነው። አንደኛዋ መስመር መሣሪያዋ በትክክል መሥራቷን ትናገራለች፤ ሁለተኛዋ ደግሞ፣ ብትደበዝዝም እንኳ፣ ቫይረሱ መገኘቱን። አሁን እውነተኛው ጥያቄ መጣ! ነገ ሥራ አለ፣ ትምህርት ቤት አለ፣ ሠርግ አለ። ያየነውን እንዳላየን እንሆናለን? በስደት ባሉ ብዙ ቤቶች የእንግሊዝኛውን መመሪያ ለእናቱ የሚያነበው ልጁ ነው። መስመሯን አብሮ አይቷል። «ለመምህርህ እንዳትናገር» የተባለ እንደሆነ፣ ያን ዕለት የተማረው ምርመራን ሳይሆን መደበቅን ነው። አጠገቡ በሚቀመጠው ልጅ ቤት ግን የስኳር ሕመም ያለባት አያት ልትኖር ትችላለች።

እርግጥ ነው፣ በሰዓት ተቀጥሮ የሚሠራ፣ ለሕመም ፈቃድ የማይከፈለው ወላጅ አንድ ቀን መቅረቱ የቤት ኪራይ ይነካበታል። በምቾት ሆነን ልንፈርድበት አይገባም። ይሁን እንጂ ችግሩ እውነት ስለሆነ መደበቁ እውነት አይሆንም። ይልቁንም ዕዳው የእርሱ ብቻ መሆን የለበትም። ምግብ ከደጁ የሚያኖር ጎረቤት፣ ፈረቃ የሚቀይር የሥራ ባልደረባ ካለ እውነቱን መናገር ይቀልለታል። «ለምን ደበቀ?» ከማለታችን በፊት «ቢናገር ማን ይደርስለት ነበር?» ብለን እንጠይቅ።

አንዲት መስመር ብቻ ስትታይስ? እሷም የነጻነት ደብዳቤ አይደለችም። ያው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በኦገስት 2022 ከ48 ሰዓት በኋላ እንደገና መመርመርን መክሯል፤ ምልክት ለሌለበት ደግሞ በየ48 ሰዓቱ በድምሩ ሦስት ጊዜ። ምስክር የሚመሰክረው ያየውን ብቻ ነው፤ ያላየውን እንዲመሰክርልን ማስገደድ ግን ራስን ማታለል ነው።

ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ በዚያ ወረርሽኝ መግባቱን ሰርግ በተባለ ስፍራ ሰሙ። ሶሐባዎችን አማከሩ፤ ያን ሁሉ መንገድ ከመጡ በኋላም ወደ መዲና ተመለሱ። መንገዱ መርዘሙ የሰሙትን እንዳልሰሙ አላደረጋቸውም።

ውድ አንባቢያን! ማወቅ ግዴታን ያስከትላል። መመርመሪያዋ የምትለካው ቫይረሱን ነው፤ ውጤቷን ካየን በኋላ የምናደርገው ግን እኛን ይለካናል። አላህ አማናቸውን ከሚጠብቁት ያድርገን! አሚን።