ስለ ያልታሰበ ፅንስና ስለ ችኩል ፍርድ

ሰው የማያውቀውን ነገር ሲያገኝ ወይ ይጠይቃል፥ ወይ ይጠረጥራል። መጠየቅ ይዘገያል፥ ያደክማልም፤ መጠርጠር ግን ፈጥኖ ይደርሳል፥ ዋጋ የሚያስከፍልም አይመስልም። ዋጋውን የሚከፍለው የተጠረጠረው ሰው ነውና። ይህም ከሚታይባቸው ነገሮች አንዱ፥ ባልና ሚስት የእርግዝና መከላከያ ይዘው ሳሉ የሚመጣ ፅንስ ነው።

ልጅን ስለ ማራራቅ ባልና ሚስት ከንስሐ አባታቸው ጋራ ይመክራሉ፤ የዛሬው ቃሌ ስለዚያ አይደለም። መከላከያው ሳይሠራ ሲቀር በሴቲቱ ላይ ስለሚወርደው ፍርድ ነው እንጂ። ባል «መርፌ እየተወጋሽ ይህ ከወዴት መጣ?» ይላል፤ አማት «ሆን ብላ ትታው ነው» ትላለች፤ ጎረቤትም ከዚህ የከፋ ይጨምራል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ እንዲህ ላለው ፈራጅ አለማወቁ ይቅርታ ይሆነዋልን?

አስቀድመን ነገሩን እንመርምር። በ2008 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፥ ካገቡት ሴቶች ከ100 36ቱ መከላከያ ይጠቀሙ ነበር፤ የሚበዙትም በየ3 ወሩ መርፌ የሚወጉት ነበሩ። መርፌውን በቀኑ ከሚወጉት 100 ሴቶች በዓመት አንዲት እንኳ አትሞላም፤ ሰው እንደ ኑሮው ሲጠቀም ግን፥ ቀጠሮም ሲያልፍ፥ 4 ያህል ይፀንሳሉ። እንክብል ከሚውጡት 7 ያህል፥ በኮንዶም ከሚጠነቀቁት 13 ያህል፥ ምንም ሳይጠቀሙ ከሚኖሩት ደግሞ 85 ያህል ይፀንሳሉ። ስለዚህ መከላከያው ብዙዎችን ይጠብቃል፤ ሁሉን ግን አይጠብቅም። ቁጥሩም ስለ መቶዎቹ ይናገራል እንጂ ከመቶው ማንኛዪቱ እንደምትሆን አይናገርም።

ይልቁንም ሴቲቱ አንዲት ቀን ሳታሳልፍ የምትፀንስበት ጊዜ አለ። ሪፋምፒሲን የተባለው የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት፥ የእንክብሉንና በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን መከላከያ ኃይል ያደክማል። ከአንዱ ደዌ ለመዳን ስትደክም በሌላው በኩል ጥበቃዋ የላላባት ሴት፥ ምን በደለች? በደሏ ያልተነገራትን አለማወቋ ብቻ ነው። ስለዚህ የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ ለሐኪሟ መንገር ይገባታል፤ ሐኪሙም ሊጠይቃት ይገባዋል።

«ነገር ግን የምታታልልም ሴት አትጠፋም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ይሁን እንጂ ፅንሱ ብቻውን የማታለል ምስክር አይሆንም፤ ያታለለችውም ያላታለለችውም ይፀንሳሉና። በቅኔ ቤት ሰሙን ብቻ ሰምቶ ወርቁን ሳያገኝ የፈታውን ተማሪ መምህሩ ይመልሰዋል፤ በሰው ስም ላይ እንዲህ የፈታውን ግን ማን ይመልሰዋል?

እንዲህ ያለ ፍርድ የሚያደርሰውን ጉዳት የኮልፌ ቀራንዮ ሰው ሩቅ ሄዶ መማር አያስፈልገውም። በዘነበ ወርቅ ሰፈር ያለው አለርት በ1958 ዓ.ም. የተመሠረተው ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ነበር። ሕሙማኑ እርግማን አለባቸው፥ የዘር ደዌ ነው እየተባሉ ከሰው ተለይተው ኖረዋል። ደዌውን የሚያመጣውን ተሕዋስ ግን የኖርዌዩ ሐኪም ሐንሰን በ1865 ዓ.ም. አይቶት ነበር። ዕውቀቱ ከተገኘ በኋላም ነቀፋው ብዙ ዘመን ቆየ፤ ሥጋው የዳነ ስሙ ሳይድን ቀረ። በሰፈራችን ይህን ያየን ሰዎች በሌላ ነገር ደግመን ልናደርገው አይገባም።

እንግዲህ ስጋት በመጣ ጊዜ ምን ይደረግ? ቀጠሮዋ ያለፈ ወይም ኮንዶም የተቀደደባት ሴት ፈጥና ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ፤ ባልም አብሯት ይሂድ። ድንገተኛ መከላከያ የተባለው እንክብል እስከ 5 ቀን ድረስ ይሰጣል፤ በቶሎ ሲወሰድ ይበልጥ ይጠቅማል። ይህም የዕንቁላልን መውጣት ያዘገያል እንጂ የተጀመረውን ፅንስ አያፈርስም። የሽንት ምርመራም ከ3 ሳምንት በፊት «የለም» ቢል የመጨረሻ ቃል አይደለም፤ ሊደገም ይገባዋል። በእነዚህ ቀኖች ሐኪሙ እንኳ ገና አያውቅም፤ ሐኪም ያላወቀውን ጎረቤት ከወዴት ያውቀዋል?

ጻድቁ ዮሴፍን እናስብ። የእመቤታችን ፅንስ ከፅንስ ሁሉ የተለየ ምሥጢር ነውና ለማመሳሰል አይደለም፤ ከዮሴፍ ጠባይ ለመማር ነው እንጂ። ምሥጢሩ ገና ሳይገለጥለት፥ ያየውም ነገር ከብዶት ሳለ፥ በሰው ፊት ሊያሳጣት አልወደደም። ጽድቁ የታየው ሁሉን በማወቁ አይደለም፤ ያላወቀውን ነገር ወደ አደባባይ ባለማውጣቱ ነው።

ስለዚህ አለማወቅ የሚጠይቀውን ላጣ ሰው ይቅርታ ይሆነዋል። ጤና ጣቢያው በመንደሩ፥ የንስሐ አባቱ በደብሩ፥ ሚስቱም በአጠገቡ ሳለች፥ ሳይጠይቅ ለፈረደ ግን አይሆነውም። ዝም ብሎ መጠየቅን የሚያውቅ ባል ያለባት ቤት፥ ያልታሰበ ልጅ ቢመጣባት እንኳ፥ ልጁ በክስ መካከል አይወለድም።