ዝናብን መስፈር ድፍረት ነውን?

ዝናብ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ስጦታውን ሲሰፍር ሰጪውን ይደፍራልን የሚለው ጥያቄ ተራ ቢመስልም፣ መልሱ የሚጀምረው መለካት ምን እንደሆነ ከመረዳት ነው። የዝናብ መለኪያ፣ ማለትም አፉ ክፍት የሆነና በሚሊ ሜትር የተሰመረ ቀጥ ያለ ዕቃ፣ የወረደው ውኃ ሳይሰርግና ሳይተን ቢቀር ኖሮ መሬት ላይ ምን ያህል ከፍታ ይኖረው እንደነበር የሚናገር ሲሆን፣ 1 ሚሊ ሜትር ማለት በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውኃ ነው፤ ለምንና ለማን ዘነበ ለሚለው ግን አፍ የለውም። መጽሐፈ ኢዮብ በምዕራፍ 28 ፈጣሪ ለነፋስ ክብደትን፣ ለውኃም መስፈሪያን እንዳደረገ ስለሚያወሳ፣ ልኬት ከፍጥረት ጋር የተሰጠ እንጂ ሰው ኋላ የጫነበት አይደለም፤ ኢጣሊያዊው ቶሪቼሊ እ.ኤ.አ. በ1644 በጻፈው ደብዳቤ በሜርኩሪ ቱቦ ያስረዳው የአየር ክብደትም (ሳይንቲስቱ ይህን ምዕራፍ ያስበው አያስበው ሌላ ጉዳይ ሆኖ) ከዚህ አሳብ ጋር አይጣላም። ድፍረት የሚሆነው፣ ዝናብ አንዱን ማሳ አርሶ የጎረቤቱን ሊያልፍ እንደሚችል እየታወቀ፣ የአንድ ግቢ ንባብ የአገር ሁሉ ቃል ተደርጎ ሲወሰድ ነው። ገበሬው ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሰፈረውን መዝግቦ ማታ ለዝናብ ቢጸልይ ግን ተቃርኖ የለበትም።