ከ«አንድ» በፊት ያለችው ትንፋሽ

አያቴ ስትቆጥር «አንድ» ብላ አትጀምርም። «ሀንድ» ነው የምትለው። ልጅ እያለሁ ጥርሷ ስለረገፈ ይመስለኝ ነበር። ለካ ትንፋሿ ከጥርስ ጋር ምንም አያገናኘውም፤ አርጎብኛ ነው።

አያቴ የአልዩ አምባ ልጅ ናት። ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነስታችሁ አንኮበር ደርሳችሁ፣ ገደሉን ወደ ቆላው ስትወርዱ አልዩ አምባን ታገኟታላችሁ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከሐረርና ከባሕር ዳርቻ የሚመጣው ቅፍለት የሚራገፍባት ገበያ ነበረች፤ አርጎባዎችም በዚያ ንግድ የታወቁ ነበሩ። ቋንቋቸው የአማርኛ የቅርብ ዘመድ ነው። ነገር ግን አማርኛ ከቃል መጀመሪያ ላይ የጣለውን «ህ» አርጎብኛ አልጣለውም። ግእዙ «አሐዱ» ሲል ውስጡ ያለችው የጉሮሮ ድምፅ ከኛ «አንድ» ውስጥ ጠፍታለች። በአያቴ አፍ ግን ትንፋሿ አሁንም አለች።

ይሄን ካወቅሁ በኋላ ስለ ድምፅ መጥፋት ያገኘሁትን ማንበብ ጀመርኩ። እ.ኤ.አ. በ2011 በኒውዚላንድ የሚሠራ ክዌንቲን አትኪንሰን የተባለ ተመራማሪ የ504 ቋንቋዎችን ድምፅ አነጻጽሮ «ሳይንስ» መጽሔት ላይ አንድ ሐሳብ አቀረበ፦ ከአፍሪካ በራቅን ቁጥር የቋንቋዎች የድምፅ ብዛት ይቀንሳል፤ ጥቂት ሰዎች ተነጥለው ሲሄዱ ሁሉንም ድምፅ ይዘው አይሄዱም። ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት አልተቀበሉትም። እኔን ግን አንድ ጥያቄ አስነሳብኝ። በታንኳ ውቅያኖስ አቋርጠው ሃዋይ የደረሱት የፖሊኔዥያ ሰዎች ቋንቋ ተነባቢ ድምፆቹ ስምንት ብቻ ናቸው። የኛ ሠላሳ ገደማ ነው። ቶንጋዎች «ታፑ» የሚሉትን ክልክል ነገር ሃዋዮች «ካፑ» ይሉታል፤ «ት» ወደ «ክ» ዞራለች። ታዲያ ሃዋይኛ ድሃ ቋንቋ ነው? አይደለም። በስምንቱም ይዘመራል፣ ይጸለያል፣ ይሰደባል።

እኛስ ብንሆን? ሀ፣ ሐ እና ኀን እንጽፋለን፤ ስናነባቸው ግን አንለያቸውም። አ እና ዐም እንደዚያው። ትግርኛ ሐ እና ዐን በጉሮሮው ይዞ ሲቀር አማርኛ ፊደሉን ብቻ ይዞ ቀረ። ለዚህ ማን ይወቀሳል? ማንም። ማንም ማንንም ሳይበድል፣ አፍ ከአፍ ሲቀባበል የሆነ ነገር ነው። ድምፅ ሲለወጥ በደል የለበትም እላለሁ።

እናቴ አርጎብኛ ያቆመችበት መንገድ ግን ሌላ ነው። ልጅ ሆና ደብረ ብርሃን ስትመጣ አነጋገሯን እየደገሙ የሚስቁባት ልጆች ነበሩ። ሳቁ ሲበዛባት ዝም አለች። ለእኔም አንድ ቃል አላወረሰችኝም። ቋንቋ ሰውን ሲያፍርበት የሚተወው ከሆነ፣ ያ መለወጥ ነው ወይስ መነጠቅ?

አንድ ጓደኛዬ ይህን ሳወራው «ምን ቸገረህ? አማርኛው አይደል ያስተማረህ፣ እንጀራ ያበላህ?» አለኝ። እውነቱን ነው። እናቴን ልወቅሳትም አልችልም፤ ልጇ እንዳይሳቅበት የፈለገች እናት ምን አጠፋች? የሞተ ዕቃ እንደሚጠበቅበት ሙዚየም ሆና ትኑርልኝ ማለትም አልችልም። ግን የሳቁት ልጆች ዕዳ የት ሄደ? ማንም ካልከፈለው ለእኔ የተረፈ ይመስለኛል።

መጀመሪያ ዕዳውን በስልክ ልከፍለው ሞከርኩ። «እማ፣ እስቲ በአርጎብኛ አውሪልኝና ልቅዳሽ» አልኳት።

«ለማን ነው የማወራው?» አለችኝ።

«ለስልኩ።»

«ስልኩ መልስ ይሰጠኛል እንዴ?»

ሳቅኩ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ቀረጻ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1997 የአርጎብኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ባያሳትም ኖሮ እኔን የመሰለ ሰው ብዙ ነገር ባላወቀ ነበር። ግን መዝገብ የሚይዘው ቃሉን ነው፤ ለአያቴ መልስ መስጠት የሚችለው ሰው ነው። ሃዋይ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1896 ጀምሮ ሕጉ ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሁን ብሎ ቋንቋቸው ሊጠፋ ደርሶ ነበር። በ1984 «ፑናና ሌዮ» የተባለ የሕፃናት ትምህርት ቤት ሲከፍቱ ሽማግሌዎችን ከሕፃናት ጋር አስቀምጠው እንዲያወሩ አደረጉ። ስሙ «የቋንቋ ጎጆ» እንደማለት ነው። የጠፋውን ድምፅ ሊመልሱ አልሞከሩም፤ የሚመልስ ሰው ነው የፈለጉት። እኛም ጋ አርጎብኛ አልሞተም፤ ወሎ ውስጥ ሾንኬና ጦለሃ ዛሬም ይነገራል።

ባለፈው ቅዳሜ አያቴ ሽንኩርት ስትቆጥር አጠገቧ ቁጭ ብዬ «ሀንድ» አልኩ። ቀና ብላ አየችኝ። «እንደሱ አይደለም፣ ትንፋሽህን አውጣው» አለችኝ። ደግሜ አልኩት። አሁንም አልጣማትም መሰለኝ፣ ሽንኩርቱን ወደ ቅርጫቱ መልሳ ከመጀመሪያው ጀመረችልኝ።