ፕሮሰሰሩ ሲለወጥ ማሽኑ ያው ነውን?

አሚጋ 500 የሚባለውን የቤት ኮምፒውተር ኮሞዶር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ልቡ ሞቶሮላ 68000 የሚባል ባለ 64 እግር ፕሮሰሰር ነበር፤ ፍጥነቱ በአውሮፓው ሞዴል 7.09 ሜጋኸርዝ፣ ከማሽኑ ጋር የሚመጣው ሜሞሪ ደግሞ 512 ኪሎባይት። ኮሞዶር እ.ኤ.አ. በ1994 ከሰረ። ማሽኖቹን የሚወዱ ሰዎች ግን ዛሬም ክዳኑን ይከፍታሉ፤ ያን ፕሮሰሰር ከሶኬቱ ነቅለው ፒስቶርም የሚባል ማፍጠኛ ካርድ በቦታው ይሰካሉ። ካርዱ ላይ የሚቀመጠው ራስፕቤሪ ፓይ ነው፤ መዳፍ ላይ የሚያርፍ ግን ራሱን የቻለ ኮምፒውተር። በእሱ ላይ የሚሠራው ኢሙ68 የተባለ ሶፍትዌር ለ68000 የተጻፈውን ትእዛዝ አዲሱ ፕሮሰሰር ወደሚገባው ቋንቋ እዚያው በዚያው እየተረጎመ ያስፈጽማል። አሮጌው ማሽን በዚህ መንገድ በብዙ መቶ እጥፍ ይፈጥናል። ታዲያ ይህ አሁንም አሚጋ ነው? ጥያቄው የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ይመስላል፤ እኔ ግን ከፍልስፍና ጥንታዊ ጥያቄዎች አንዱን ከዚህ የተሻለ የምንመረምርበት ዕቃ ያለ አይመስለኝም። እዚህ እያንዳንዱ ክፍል ምን እንደሚሠራ፣ ማንን እንደሚጠብቅ በትክክል እናውቃለንና።

ፕሉታርክ የጻፈልን የቴሴዎስ መርከብ ታሪክ የታወቀ ነው። አቴናውያን የጀግናቸውን መርከብ ለማቆየት የበሰበሰውን ሳንቃ በአዲስ እየተኩ ኖሩ፤ ፈላስፎችም መርከቡ ያው ነው፣ የለም ሌላ ነው እያሉ ተከራከሩ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስ ጥያቄውን አከበደው፦ የተነቀሉትን አሮጌ ሳንቃዎች አንድ ሰው እየሰበሰበ እንደ ጥንቱ ቢገጣጥማቸው፣ ከሁለቱ የቴሴዎስ መርከብ የትኛው ነው? ብዙ ሰው በቅድሚያ የሚያነሳው መልስ ቆጠራ ነው፤ ከመጀመሪያው ዕቃ ምን ያህሉ ቀረ ይላል። ቆጠራው ግን አሚጋው ላይ ሲደርስ ይከሽፋል። ፒስቶርም ሲገባ የሚወጣው አንድ ቺፕ ብቻ ነው። የተበላሸ ፓወር ሰፕላይ ሲቀየር ከዚያ በብዙ የሚከብድ ዕቃ ይወጣል፤ ያኔ ግን ማሽኑ ሌላ ሆነ የሚል የለም። እንግዲያው የሚያሳስበን የወጣው ዕቃ መጠን ሳይሆን ሥራው ነው።

ሥራው ከሆነ ደግሞ ሐሳባችን ወዲያው ወደ አንድ ማዕከል ይሮጣል። በአገራችን የአንድ ደብር ሕንጻ ፈርሶ ቢሠራ፣ ሣሩ በቆርቆሮ፣ ጭቃው በድንጋይ ቢተካ፣ ደብሩ ያው ደብር ነው፤ ታቦቱ አለና። ለአሚጋውም ብዙ ሰው ሳይታወቀው እንዲህ ያለ ማዕከል ይፈልግና ፕሮሰሰሩ ላይ ያርፋል፤ ከዚያም ፕሮሰሰሩ ከወጣ ማሽኑ ባዶ ቀፎ ነው ብሎ ይፈርዳል። ንጽጽሩ ግን እዚህ ላይ ያበቃል። ታቦትን ከሕንጻው የሚለየው የተቀደሰ መሆኑ ነው፤ የፋብሪካ ዕቃ ከክፍሎቹ አንዱን እንዲህ ከሌሎቹ ለይቶ የሚያከብርለት የለም። ከዚህም በላይ ታሪኩ ራሱ ፍርዱን ያፈርሰዋል። ሞቶሮላ 68000 የአሚጋ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የአፕል ማኪንቶሽ የሚሠራው በእሱ ነው፤ በተከታዩ ዓመት የመጣው አታሪ ኤስቲም እንዲሁ። ሦስቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢደረድሯቸው ግን አንዱን በሌላው የሚሳሳት አይኖርም። ሦስት የተለያዩ ማሽኖች የሚጋሩት ክፍል አንዱን አንዱን አድርጎ ሊለይ አይችልም። ፕሮሰሰሩ ከሶኬቱ ሲወጣ አሚጋነት አብሮ አይወጣም፤ መጀመሪያም እዚያ ውስጥ አልነበረምና።

ታዲያ የት ነበር? አሚጋን የፈጠሩት መሐንዲሶች ለእሱ ብቻ ብለው የሠሯቸው ሦስት ቺፖች አሉ፦ አግነስ፣ ዴኒስና ፓውላ። አግነስ ሜሞሪውን ማን መቼ እንደሚነካው ትወስናለች፣ ሥዕልን ከቦታ ወደ ቦታ በፍጥነት ትገለብጣለች፤ ዴኒስ ሥዕሉን ወደ ስክሪኑ ትልካለች፤ ፓውላ በአራት መስመር ድምፅ ታወጣለች፣ ፍሎፒውንም ታነባለች። ቺፖቹ እንኳ ብቻቸውን መልሱ አይደሉም። መልሱ በመካከላቸው ያለው ሥርዓት ነው፤ ይህ ሥርዓት ደግሞ የተቃኘው በቴሌቪዥን ነው። ያ 7.09 ሜጋኸርዝ የዘፈቀደ ቁጥር አይደለም፤ ከአውሮፓ ቴሌቪዥን የቀለም ሞገድ ጋር እንዲስማማ የተመረጠ ነው። የአሜሪካው ሞዴል በ7.16 የሚሠራውም የዚያ አገር ቴሌቪዥን ሌላ ስለሆነ ነው። ምስሉ በመስመር በመስመር ሲሳል አግነስ ውስጥ ያለው ኮፐር የሚባል ክፍል ምስሉን በስክሪኑ ላይ የሚስለው ጨረር የት እንደደረሰ ይጠብቅና በዚያች ቅጽበት ቀለሙን ይለውጣል። ፕሮሰሰሩና ቺፖቹ አንዱን ሜሞሪ በተራ ይጋራሉ፤ አንዱ ሲነካው ሌላው ይጠብቃል። ጆን ሎክ እ.ኤ.አ. በ1694 ስለ ማንነት ባሳተመው ምዕራፍ ሰዓትን ምሳሌ አድርጎ ነበር፦ ማሽን ማለት ክፍሎቹ ለአንድ ዓላማ የተቀናጁበት አደረጃጀት ነው፤ አደረጃጀቱ ሳይቋረጥ ከቀጠለ ክፍሎቹ ጥቂት በጥቂት ቢለዋወጡም የእንስሳን አካል የሚመስል ነገር ይሆናል። በሎክ ዓይን ካየነው የማፍጠኛ ካርዱ ጥያቄ ግልጽ ይሆናል። መጠየቅ ያለብን አዲሱ ክፍል ወደ አሮጌው ሥርዓት ገባ ወይስ ሥርዓቱን አፈረሰው ነው። ፒስቶርም ይገባል። በሰከንድ ከቢሊዮን ጊዜ በላይ የሚመታው ፕሮሰሰር በአሮጌዎቹ ቺፖች ሜሞሪ ላይ መጻፍ በፈለገ ቁጥር ተራው እስኪደርስ ይቆማል፤ ቺፖቹ ያንኑ የ1987ን ምት ይመታሉ። በራሱ ሜሞሪ ውስጥ የፈለገውን ያህል ይሮጥ፤ ሥዕልና ድምፅ ጋ ሲደርስ ግን የሚታዘዘው ለቴሌቪዥኑ ሰዓት ነው።

ለዚህ ሐሳብ ከሁሉ የከበደውን ተቃውሞ የሚያቀርቡት አሮጌዎቹ ፕሮግራሞች ራሳቸው ናቸው። ብዙ የዘመኑ ሙዚቃ ማጫወቻዎች ፓውላ አንዱን ድምፅ ዘግታ ሌላውን እስክትጀምር የሚጠብቁት ፕሮሰሰሩን ባዶ ቆጠራ በማስቆጠር ነበር። ፕሮሰሰሩ ሲፈጥን ቆጠራው ፓውላ ሳትደርስ ያልቃል፤ ከዜማው ድምፆች ይጎድላሉ። ፍጥነቱ ሥርዓቱን ካልነካ ዜማው ለምን ጎደለ? ተቃውሞው እውነት ስለያዘ በቀላሉ መታለፍ የለበትም፤ የፍጥነት ሚዛን የሥርዓቱ አንድ ክፍል ነበር። ሆኖም የጎደለው ድምፅ ጥፋቱ የት እንደሆነ ያሳየናል፦ ፕሮግራሙ የተማመነው ማሽኑ ቃል ባልገባለት ነገር ላይ ነው። ኮሞዶር ራሱ ለፕሮግራመሮች ባወጣው መመሪያ በፕሮሰሰር ቆጠራ ጊዜ እንዳይለኩ፣ ለዚህ የተሠሩትን የሰዓት ቺፖች እንዲጠቀሙ ይመክር ነበር። ምክሩ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ፕሮሰሰሩ እንደሚለወጥ ያውቁ ነበርና። አሚጋ 2000 ለማፍጠኛ ካርድ የተለየ ማስገቢያ ነበረው፤ ኮሞዶርም የራሱን ማፍጠኛ ካርድ ከፋብሪካው ጨምሮበት አሚጋ 2500 ብሎ ሸጠው። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው አሚጋ 1200 ከሥሩ ትንሽ በር አለው፤ በሩ ሲከፈት የሚታየው ለእንዲህ ያለ ካርድ የተሠራ ማያያዣ ነው። ሠሪዎቹ በሩን ትተውልን ከሄዱ፣ በበሩ የሚገባውን ባዕድ ማለት ይከብደኛል።

ሌላው ተቃዋሚ ከተቃራኒው ጎን ይመጣል። ማንነት በሥርዓቱ ውስጥ ከሆነ፣ ሥርዓቱን ዊንዩኤኢ የተባለው ኢሙሌተር በዛሬ ላፕቶፕ ላይ በሚያስደንቅ ጥራት ይደግመዋል፤ እንግዲያው ላፕቶፑም አሚጋ ሊባል ነው? አይደለም። ሥርዓቱ መደገሙ አንድ ነገር ነው፤ ሳይቋረጥ መቀጠሉ ሌላ። የሎክ እንስሳ ያው እንስሳ የሚሆነው ሕይወቱ በአንድ አካል ውስጥ ስለቀጠለ ነው፤ ከእሱ ጋር አንድ ዓይነት መልክ ያለው ሌላ እንስሳ መኖሩ እሱን አያደርገውም። በኢሙሌተሩ ውስጥ የአሚጋ ሥርዓት ተገልብጧል፤ በፒስቶርሙ አሚጋ ውስጥ ግን ያችው ፓውላ ናት የምትዘፍነው። ይህን ስል ወሰን የለውም ማለቴ አይደለም። ኢሙ68 ሥዕሉን በራስፕቤሪ ፓይ የኤችዲኤምአይ መውጫ በኩል በቀጥታ ወደ ዘመናዊ ስክሪን የመላክ ችሎታ አለው። በዚያ መንገድ ሲሠራ የዴኒስ ሥዕል ከዚያ ስክሪን ጋር ግንኙነት አይኖረውም፤ ድምፁም በሌላ ከወጣ ለአሮጌው ማሽን ከኪቦርዱና ከፍሎፒው የበለጠ ሥራ አይቀርለትም። ያኔ ፊታችን ያለው የአሚጋ ልብስ የለበሰ ራስፕቤሪ ፓይ ነው። ማንነት ወይ አለ ወይ የለም፣ በመጠን የሚገኝ ነገር አይደለም የሚሉ ፈላስፎች በዚህ መልስ አይደሰቱም። ስለ ነፍስ ሲሆን ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ሰው ስለሠራው ዕቃ ግን ሥርዓቱ በከፊል ሊሠራና በከፊል ሊያርፍ እንደሚችል ዓይናችን እያየ፣ ማንነቱ በከፊል አይሆንም የሚል ሕግ ከየት እንደምናመጣ አላየሁም።

ምንም አትንኩት የሚሉም አሉ፤ ማሽኑ ከፋብሪካ እንደወጣ ይቀመጥ ይላሉ። አክብሮታቸው እውነተኛ ነው፤ ዕቃው ግን ሐሳባቸውን አይቀበልም። በአሚጋ 1200 ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች በዕድሜ ብዛት ፈሳሽ ያፈሳሉ፤ ፈሳሹ የማዘርቦርዱን የመዳብ መስመሮች ይበላል። የአሚጋ 2000 ባትሪም እንዲሁ ያደርጋል። ሳይነካ የተቀመጠ ማሽን እንዳለ አይቆይም፣ ይሞታል። ጠባቂዎቹ ትክክል የሆኑበት አንድ ነገር አለ፤ እሱም መመለስ መቻል ነው። የአሚጋ 500ው 68000 ሳይሰበር ከሶኬቱ ይወጣል፣ ነገ ተመልሶ ሊሰካ ይችላል። ስለዚህ ነቃዩ ቺፑን ከማሽኑ ጋር ማስቀመጥ፣ ለሚቀጥለው ባለቤት ምን እንደተለወጠ መንገር አለበት። የተለወጠን ማሽን እንዳልተለወጠ አድርጎ መሸጥ ውሸት ነው፤ መለወጡ ግን ውሸት አይደለም።

መልሴ እስከ መጨረሻው ሲገፋ የማይመች ቦታ እንደሚያደርስ አውቃለሁ። ቫምፓየር ቪ4 የሚባለው አዲስ ማሽን የአሚጋን ፕሮግራሞች ያስኬዳል፤ በውስጡ ግን አንድም የኮሞዶር ቺፕ የለም። እሱን የአሚጋ ልጅ ብዬ ብጠራው ደስ ይለኛል፤ አሚጋው ራሱ ግን አይደለም። የከበደው ሪአሚጋ 1200 ነው፤ ይህ ዛሬ እንደ ጥንቱ ተነድፎ የተሠራ ባዶ ማዘርቦርድ ሲሆን፣ ባለሙያው ቺፖቹን ከአሮጌው ቦርድ አንስቶ እዚህ ይበይዳቸዋል። የሆብስ ሁለት መርከቦች ጠረጴዛ ላይ ቀረቡ ማለት ነው። ሰብሳቢው የተራቆተውን ቦርድ ዋናው እሱ ነው ይላል፤ ከፋብሪካ የወጣው፣ የኮሞዶር ስም የታተመበት እሱ ነውና። እኔ ግን ቺፖቹ ሜሞሪ ተጋርተው፣ ተራ ጠብቀው፣ ያንኑ የቴሌቪዥን ምት ተከትለው በሚሠሩበት አዲስ ቦርድ ላይ አሚጋው ቀጥሏል እላለሁ፤ አሮጌውን ቦርድም፣ የቱንም ያህል ቢከበር፣ የአሚጋ ቅሪት እንጂ አሚጋ ነው ለማለት አልችልም።